ሲነግሩን አንቀየም፣ ስናይም ዝም አንበል

ወገኖቼ እስቲ ዛሬ ሳንሸፋፍን እንነጋገር። ስራ ቦታ ላይ ሰው ሲጎዳ ሁላችንም እንደነግጣለን፣ ሆስፒታል ሄደን እንጠይቃለን፣ ካለፈም እናለቅሳለን፣ ከዛ "ክፉ ቀን ጣለው" ብለን ወደ ስራችን እንመለሳለን። ቀኑ ምን አደረገ? የመሰላሉ እግር መላላቱን ስንት ሰው አይቶታል፣ የማሽኑ መከላከያ ተፈቶ ጥግ ላይ ከተጣለ ቆይቷል፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ተልጦ መዳቡ እየታየ ሁላችንም ተራምደነው አልፈናል። ያየ ሰው ሞልቶ የተናገረ የለም። የተናገረ ካለም "አንተ ደግሞ ፈሪ ነህ" ተብሎ አፉን ይዟል።

የምወቅሳችሁ በዚህ ነው። ሄልሜት የለም፣ ጓንት አልተገዛም፣ ሴፍቲ ቤልቱ አሮጌ ነው የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፣ እውነትም ነው፣ አሰሪ የሚጠየቅበት ብዙ ነገር አለ ወደሱም እመጣለሁ። ግን ዕቃው ሁሉ ተሟልቶ እንኳን እርስ በርስ መነጋገር ካልቻልን ሰው መጎዳቱ አይቀርም። ሲነግሩን እንቀየማለን፣ ስናይ ዝም እንላለን፣ ሁለቱ ደግሞ አንዱ አንዱን እየወለደ ነው የሚሄደው፣ ዛሬ ተናግሮ የተዘለፈ ሰው ነገ የባሰ ነገር ቢያይም አይናገርም።

ግራይንደርን እንውሰድ፣ በሚሽከረከር ዲስክ ብረት የሚቆርጠውን የእጅ ማሽን፣ ብረት የሚሰራ ሁሉ ያውቀዋል። ትንሿ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ትዞራለች፣ የሷ ዲስክ 115 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ብረቱ ወፈር ሲል አንዱ 180 ሚሊሜትሩን ትልቁን ዲስክ ያመጣል፣ ጋርዱ፣ ማለትም የዲስኩ መከላከያ ሽፋን፣ አላስገባ ሲለው ጋርዱን ይፈታዋል፣ ገጥሞ ስራውን ይቀጥላል። እስቲ ዲስኩ ላይ ያለውን ፅሁፍ አንብቡት፣ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ8,500 ዙር በላይ እንዳይዞር ተፅፎበታል። በ11,000 ዙር ስታስነሱት ጠርዙ በሰከንድ 100 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው፣ ከተሰነጠቀ ቁርጥራጩ በዛው ፍጥነት ይወጣል፣ የሚያስቆመው ጋርድ ደግሞ ተፈቷል። ፊት ላይ ይሁን አንገት ላይ ወይ አጠገቡ ቆሞ ብረቱን የያዘለት ልጅ ላይ ያርፋል፣ ልጁ'ኮ ስለዲስኩ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። ጋርዱ ሲፈታ ያየው ሰው "ተው ወንድሜ፣ ይሄ ዲስክ የዚህ ማሽን አይደለም" ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል?

ምን እንደሚመለስለት ግን እናውቀዋለን። "ስንት ዓመት የሰራሁበትን ነገር አንተ ልታስተምረኝ ነው እንዴ?" ኧረ ወገን! ሰውየው'ኮ ሙያህን አልናቀም፣ ዓይንህ እንዳይጠፋ ነው የፈለገው። ልምድ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ልምድ ያለው ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ እጁ ስራውን ለምዶት ሃሳቡ ሌላ ቦታ በሄደበት ሰዓት ነው፣ በዛች ሰዓት አጠገቡ ያለው ሰው ካላየለት ማን ያይለታል። "እስካሁን ምንም አልሆንኩም" የሚለውንም ተዉት፣ ጋርድ ፈትቶ ብዙ ጊዜ የቆረጠ ሰው ብዙ ጊዜ ተረፈ እንጂ ልክ ሰራ ማለት አይደለም።

ለጥቂት የተረፍንበትን ነገርማ ጭራሽ ጨዋታ አድርገነዋል። ከላይ መዶሻ ወድቆ አንዱ ሰው እግር ስር ያርፋል፣ "ፈጣሪ አወጣህ!" ይባላል፣ ይሳቃል፣ አለቀ። መዶሻው ለምን ወደቀ፣ በገመድ ለምን አልታሰረም፣ ከስር ለምን ሰው ያልፋል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ሁላችንም እንተርታለን ግን ማንም ሳይጎዳ ነገሩን በነፃ የምንማርበት ጊዜ ሲመጣ ስቀን እናልፋለን። በዚህ በጣም ነው የማዝነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ረዘም ቢልም ታገሱኝ። ስኮትላንድ አቅራቢያ ሰሜን ባህር ላይ ፓይፐር አልፋ የሚባል የነዳጅና ጋዝ ማውጫ መድረክ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988 የቀን ሽፍት ላይ የነበሩት ሰዎች ከአንዱ ፓምፕ መስመር ላይ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቩን ለጥገና ፈቱት፣ በቀኑ ስላላለቀ ክፍት የቀረውን ቧንቧ በክዳን ዘግተውት ወጡ። ወረቀቱ ተፅፏል፣ ግን ማታ የገቡት ሰዎች ጋር አልደረሰም፣ ሽፍት ሲቀያየሩም ቫልቩ እንደተፈታ አፉን ከፍቶ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ማታ ላይ ሌላኛው ፓምፕ ቆመባቸው፣ ማስነሳት እምቢ ሲላቸው ያኛውን ቫልቩ የተፈታውን ፓምፕ አስነሱት። ጋዙ በክዳኑ በኩል አፈተለከ፣ ፈነዳ። 167 ሰው ሞተ። አጎራባች የነበሩት መድረኮች እሳቱ እየታየ እንኳን ወደዛ የሚሄደውን ነዳጅና ጋዝ ወዲያው አላቆሙም፣ ማቆም ትልቅ ውሳኔ ነውና ደፍሮ የሚወስን ሰው ዘገየ።

አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፣ ሽፍት ስታስረክቡ ምንድነው የምትሉት? "ሁሉም ሰላም ነው፣ ቻው" ብላችሁ ቦርሳ አንጠልጥላችሁ መውጣት አይደል? የሚገባው ሰውም ስልኩን እያየ "እሺ እሺ" ይላል። እባካችሁ አምስት ደቂቃ ቁሙ፣ ማሽኑ አጠገብ ድረስ አብራችሁ ሂዱ፣ ይሄ ተፈቷል፣ ይሄ እየጋለ ነው፣ ይሄን እንዳትነካ በሉት፣ እሱም የሰማውን መልሶ ይንገራችሁ። ጥገና ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የኤሌክትሪክ ማቋረጫውን ብሬከር አውርዳችሁ የራሳችሁን ቁልፍ ቆልፉበት፣ ስምና ሰዓት የተፃፈበት ካርድ አንጠልጥሉበት፣ መክፈቻው ከእናንተ ኪስ አይውጣ። "አትንኩ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ" አይበቃም፣ የነገራችሁት ሰው ሻይ ሊጠጣ ሄዶ ሌላ ሰው መጥቶ ያበራዋል። እንደዚህ የሞቱ ብዙ ናቸው።

ታንከር፣ ጉድጓድ፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትገቡትን ደግሞ ለብቻ ልለምናችሁ። የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ኦክስጅን ወደ 21 ፐርሰንት ነው፣ ከ19.5 ሲወርድ አደገኛ ነው ተብሎ ይያዛል፣ በጣም ሲወርድ ደግሞ ሰው "አመመኝ" ለማለት እንኳን ጊዜ ሳያገኝ ነው የሚወድቀው። ምንም አይሸትም፣ ምንም አይታይም። ፍሳሽ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ መጀመሪያ እንደገማ እንቁላል ይሸታል፣ መጠኑ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዘዋል፣ ሽታው ጠፋ ስትሉ ጋዙ ጠፍቶ ሳይሆን በዝቶ ሊሆን ይችላል። እና የሚሆነው ምንድነው፣ አንዱ ገብቶ ይወድቃል፣ ጓደኛው "ወንድሜ!" ብሎ ይከተለዋል፣ እሱም ይወድቃል፣ ሶስተኛውም ይገባል። እንዲህ ባለ አደጋ ከሚሞቱት ውስጥ ብዙዎቹ ሊያድኑ የገቡ ሰዎች ናቸው። ፍቅራችሁን አልጠራጠርም፣ ግን ጓደኛችሁን የምትወዱት ከሆነ ከመግባቱ በፊት ነው ማቆም ያለባችሁ። የጋዝ መለኪያ ካልመጣ አትግባ በሉት፣ በገመድ ታስሮ ይግባ፣ ከላይ ደግሞ ሌላ ስራ የሌለው፣ ሲጋራ ልግዛ ብሎ የማይሄድ ሰው ይቁም። ከወደቀ በገመዱ ጎትታችሁ አውጡት እንጂ መተንፈሻ መሳሪያ ሳይኖራችሁ ተከትላችሁ አትግቡ።

ቀስ ብሎ የሚገድለውንም አትርሱ። የዓለም የስራ ድርጅት ግምት በዓመት 2.93 ሚሊዮን ሰራተኛ ከስራ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞታል ይላል፣ ከዚህ ውስጥ 2.6 ሚሊዮን የሚሆነው በአደጋ ሳይሆን በበሽታ ነው። ድንጋይና ኮንክሪት በደረቁ ስትቆርጡ የሚነሳው ደቃቅ አቧራ ሳንባ ውስጥ ጠባሳ ይሰራል፣ ያ ጠባሳ የሚድንበት መድሃኒት የለም። ውሃ እያፈሰሱ መቁረጥ አቧራውን በጣም ይቀንሰዋል፣ ባልዲ ውሃ ማምጣት የሚሰለቸው ሰው ግን አለ። ድምፅም እንደዛው ነው፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው እንዲሰማችሁ መጮህ ካለባችሁ ቦታው ጆሯችሁን እየጎዳው ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ አለቃ የሆናችሁ፣ ፎርማን ሱፐርቫይዘር ማናጀር የተባላችሁ። ሄልሜት ሳታደርጉ ሳይት ውስጥ እየዞራችሁ ሰራተኛውን "ሄልሜትህ የታል?" ብላችሁ አትቆጡ፣ ማንም አይሰማችሁም። አደጋ ያሳወቀውን ሰው "ስራ አስፈታህ" ብላችሁ ደሞዙን ከቀጣችሁት ከዛ በኋላ የሚደርሳችሁ ሪፖርት ሁሉ ውሸት ነው። አደጋ የለም የሚለው ወረቀት አያኩራራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ ላይ ዲፕዎተር ሆራይዘን የሚባለው የነዳጅ ጉድጓድ መቆፈሪያ መድረክ በፈነዳበት ዕለት ሃላፊዎች መጥተው የነበረው ሰራተኞቹ ሰባት ዓመት ሙሉ ከስራ የሚያስቀር ጉዳት አልደረሰባቸውም ብለው ሊያመሰግኗቸው ነበር፣ ማታውን 11 ሰው ሞተ።

ከሁሉ የሚከፋኝ ግን ሰው ፈርቶ አልገባም ሲል አስገድዶ ማስገባት ነው። ባንግላዴሽ ራና ፕላዛ በሚባለው ህንፃ ላይ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2013 ግድግዳው ተሰንጥቆ ታየ፣ ሰው እንዲወጣ ተደረገ። በማግስቱ ህንፃው ውስጥ የነበረው ባንክ ሰራተኞቹን አላስገባም፣ የልብስ ፋብሪካዎቹ ሰራተኞች ግን ግቡ ተባሉ። ስንጥቁን አይተውታል፣ እየፈሩ ነው የገቡት፣ ደሞዛቸው እንዳይቀርባቸው ነው። ህንፃው ተደረመሰ፣ 1,134 ሰው አለቀ። ሰራተኛ ህይወቱን የሚያሰጋ ነገር አለ ብሎ በቂ ምክንያት ይዞ ከስራው ዞር ቢል እንዳይቀጣ የሚል አንቀፅ እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የዓለም የስራ ድርጅት ኮንቬንሽን 155 ውስጥ አለ፣ በ2022 ደግሞ ደህንነቱ የተጠበቀ የስራ ቦታ ከመሰረታዊ የስራ መብቶች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። ይሄን ሰራተኛውም ይወቅ አለቃውም ይወቅ፣ አልገባም ያለውን ሰው ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ምን እንዳየ ጠይቁት።

አነጋገራችንም መስተካከል አለበት፣ ይሄን ሳልል አልጨርስም። ሰው ፊት "አንተ ደንቆሮ" ብሎ መጮህ ምክር አይደለም፣ ሰውየው ስለ አደጋው ማሰቡን ትቶ ስለተዋረደው ክብሩ ነው የሚያስበው። ማሽን ላይ ያለን ሰውም ከኋላው አትጩሁበት፣ ደንግጦ እጁን ያስገባል፣ በሚያያችሁ በኩል ዞራችሁ እስኪያቆም ጠብቁ። ታላቅ የሆነን ሰው መናገር የሚከብዳችሁ ልጆች አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባላችሁ ነው ያደጋችሁት። "ጋሼ መሰላሉን ልያዝልዎት?" ማለት ግን ድፍረት አይባልም፣ "እትዬ ፀጉርዎ ማሽኑን ሊነካ ነው" ማለትም ነውር የለበትም። በሉ፣ ባትደመጡም ድገሙት፣ ካልሆነም ለሚመለከተው ሰው ንገሩ።

እናንተ ታላቆች ደግሞ አዲስ ልጅ ሲገባ በመጀመሪያው ቀን ከስራው በፊት ይሄን ንገሩት፦ "ያጠፋሁ ከመሰለህ አስቁመኝ።" ብዙ አዲስ ሰው የሚጎዳው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፣ ያልገባውን መጠየቅ ያፍራል፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሳይሆን የእናንተን እጅ እያየ ነው የሚሰራው። እና አንድ ቀን ያ ልጅ እየፈራ መጥቶ "መነፅርዎን አላደረጉም" ሲላችሁ ማሽኑን አጥፉት፣ መነፅሩን አድርጉ፣ ሌሎቹ እየሰሙ "ጎሽ" በሉትና ስራችሁን ቀጥሉ።