ከቮልስ ቤተሰብ የወጣው ሺሮን

እ.ኤ.አ. በማርች 2016 የቡጋቲ ኩባንያ ሺሮን የተባለውን መኪና ጄኔቫ በሚገኘው የፓሌክስፖ አዳራሽ ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ፣ እኔም የመግቢያ ከፍዬ፣ ሰው እየገፋኝ ከፊቱ ደርሼ ነበር። መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ጨርቅ የያዘ አንድ ሠራተኛ ነው፤ እንግዳ ጣቱን ባሳረፈ ቁጥር እየተከተለ ይወለውላል። አባቴም እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ቮልሱን እንዲሁ ሲወለውል ይውል ስለነበር፣ ለአፍታ አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ።

ይህ መመሳሰል ያለ ምክንያት አይደለም። ቡጋቲ ከ1998 ጀምሮ በቮልስዋገን ሥር የነበረ በመሆኑ፣ ሺሮንና የአባቴ ቮልስ በሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል፤ የሁለቱም ሞተር ከሾፌሩ ጀርባ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዝምድናው ይቀራል። የአባቴ 1200 ቮልስ አራት ሲሊንደርና 34 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ሺሮን 16 ሲሊንደር፣ አራት ቱርቦና 1500 የፈረስ ጉልበት አለው። እሷ በአየር ስለምትቀዘቅዝ ራዲያተር የሚባል ነገር አልነበራትም፤ እሱ 10 ራዲያተር ተሸክሟል። ከቆመበት ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ከሁለት ሰከንድ ተኩል አይበልጥም፤ እኛ የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሰላምታ ሰጥቶን ያልፍ ነበር። ዋጋው ቀረጥ ሳይጨመር 2.4 ሚሊዮን ዩሮ ሲሆን፣ እንዲሠራ የታሰበውም 500 ብቻ ነበር።

እኔን ያበሸቀኝ ግን የፍጥነቱ ነገር ነው። ሺሮን 420 ይሄዳል፤ ከ380 በላይ ለመሄድ መኪናውን አቁሞ ሁለተኛ ቁልፍ ማስገባት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የታየው በፈጣን አውራ ጎዳናዎቿ ላይ ከ120 በላይ በማታስነዳ፣ በ1955 በፈረንሳይ «ለ ማን» በተባለው የመኪና ውድድር ከ80 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላም በመወዳደሪያ ሜዳ እየዞሩ የሚደረግ የመኪና ውድድርን በከለከለች ሀገር ነው። የአባቴ ቮልስ ቁልቁለት ሳያግዛት 115 ድረስ ትሄድ ስለነበር፣ ለስዊዘርላንድ ሕግ ልኳን የተሰፋች መኪና እሷ ነበረች፤ ሺሮን ግን የቀረውን 300 የት ሊያውለው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ቂም ይዤ የምናገር ከመሰላችሁ አልተሳሳታችሁም። በዚያው ወር 50 በተጻፈበት መንገድ ላይ 54 ነድተሃል የሚል ደብዳቤ ከ40 ፍራንክ ቅጣት ጋር ደረሰኝ። አራት ኪሎ ሜትር! ሀገር ቤት ቢሆን ትራፊኩን «ወንድሜ፣ ልጅ አሞብኝ ነው» ብዬ ለምኜ፣ ቢያንስ ተከራክሬ እወጣ ነበር፤ ከካሜራ ጋር ግን ምን ክርክር አለ? 2.4 ሚሊዮን ዩሮ የከፈለውም ሰው በዚያው መንገድ 54 ቢነዳ ያው 40 ፍራንክ እንደሚቀጣ ሳስብ ትንሽ ተጽናናሁ።

በ2019 ከሺሮን የተሻሻለ ሌላ መኪና በጀርመን ኤራ ሌሲየን የሙከራ መንገድ ላይ 490 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለፉን ስሰማ፣ ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት። እሱ ስለ ፍጥነቱ ምንም አልጠየቀኝም።

«ቤንዚን እንዴት ነው?»

«አባባ፣ ሺሮን በሙሉ ፍጥነቱ ከተነዳ 100 ሊትሩን በዘጠኝ ደቂቃ ይጨርሳል።»

ሂሳቡን አብረን ሠራነው፤ 63 ኪሎ ሜትር ገደማ መጣ። ከአዲስ አበባ ቢነሣ ቢሾፍቱን አልፎ ሞጆ ሳይገባ ይቆማል ማለት ነው። አባቴ ትንሽ ዝም አለና ክብደቱን ጠየቀኝ። ሁለት ቶን ገደማ እንደሆነ ነገርኩት።

«ታዲያ ማን ሊገፋው ነው?» አለኝ።