ማስተካከያ፦ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን መልቀቅ
ሐዋሳ ውስጥ ለወጣቶች ውይይት በተበተነው ወረቀት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ መቆየት እንደማይችል፣ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝንም ከሥልጣን ያነሣቸው ፓርላማው እንደሆነ ተጽፏል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 የሁለት ጊዜ ገደብ የተጣለው በፕሬዚዳንቱ ላይ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘመን በአንቀጽ 72 ከምክር ቤቱ ዘመን ጋር ተያይዟል እንጂ ስንት ጊዜ እንደሚመረጥ አልተገደበም። ለዚህም ነው ነገሩ የሚያሳስበኝ፤ ሕዝብ ያላመነውን መሪ ገደቡ ያነሣዋል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ አመኔታ ሲጠፋ ቶሎ መልቀቅ የመሪው ግዴታ ነው። ቀድሞ ከዚህችው ከተማ ሆነው የደቡብን ክልል የመሩት አቶ ኃይለማርያም የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የመልቀቂያ ጥያቄ ያቀረቡት ራሳቸው ናቸው፤ ሥልጣናቸውን ያስረከቡት መጋቢት 24 ነው። ወረቀቱ በእጃችሁ ያለ ከቀጣዩ ውይይት በፊት እነዚህን ሁለት ነጥቦች አርሙ።