ለክቡር ሳይመጡ ለሚደርሱት ዲቪደንድ

ጉዳዩ፦ ኪሴ ሳይገባ ግብር የተጠየቀበትን ገንዘብ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰብ ደህና ነው? የምጠይቅዎት ለወጉ ያህል ነው፤ በአካል ተያይተን አናውቅም። የእንግሊዝ ግብር መስሪያ ቤት ግን በየዓመቱ እየመጡ ገንዘብ እንደሚያስረክቡኝ እርግጠኛ ነው። አይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሳንቲም አልሰጡኝም።

ለማያውቅዎት አንባቢ ላስተዋውቅዎት። እዚህ እንግሊዝ አገር የኢንቨስትመንት ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ በአንድ ላይ ተሰብስቦ የኩባንያ ድርሻና የመሳሰለው የሚገዛበት ማለት ነው) ሲገዛ ብዙ ጊዜ በሁለት ዓይነት ይቀርባል። አንደኛው፣ ፈንዱ ከያዛቸው ኩባንያዎች ያገኘውን ዲቪደንድ፣ ማለትም የትርፍ ክፍፍል፣ ለባለድርሻው በጥሬው ይልካል። ሁለተኛው አጠራቃሚው ነው። ገንዘቡን እዚያው ያስቀረውና መልሶ ኢንቨስት ያደርገዋል። የድርሻዬ ብዛት አይጨምርም፤ የአንዱ ድርሻ ዋጋ ነው ከፍ የሚለው። ክቡርነትዎ የሚኖሩት በዚህ በሁለተኛው ውስጥ ነው።

ሕጉ ሁለቱን አይለይም። አጠራቃሚው ውስጥ የቀረው ገቢ፣ ሌሎቹ ገንዘባቸውን በተቀበሉበት ቀን ለእኔም እንደተከፈለኝ ይቆጠራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል። የኔዋ ላም ከዚህም ትብሳለች። ወተቷ አይታይም፣ የወተቱ ሂሳብ ግን በሰዓቱ ይመጣል።

ሐቁን እንነጋገር ከተባለ፣ ሕጉ ምክንያት አለው። እርስዎን በነፃ ቢያሳልፍ ኖሮ ዲቪደንዱን በጥሬው የሚቀበል ሰው አይገኝም ነበር። ሁሉም አጠራቃሚውን ገዝቶ ግብሩን እስከ ሽያጩ ቀን ያቆየዋል። ገብቶኛል። እኔ የተቀየምኩት በግብሩ አይደለም፣ በአመጣጥዎ ነው። ጥሬ ዲቪደንድ ሲገባ ስልክ ላይ መልእክት ይመጣል፣ የባንክ ሂሳብ ላይ ቁጥር ይታያል። እርስዎ ሲገቡ ግን ኮቴዎ አይሰማም። ግብሩን የምከፍለውም ከእርስዎ ላይ ቀንሼ አይደለም፣ ከደመወዜ ነው። ወይ ደግሞ ለግብርዎ ብዬ ራስዎን ቆርሼ መሸጥ አለብኝ።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከግብር ነፃ የሆነው የዲቪደንድ ጣሪያ 5,000 ፓውንድ ነበር። ያኔ ተራ ሰው ስምዎን ሳይሰማ ይኖር ነበር። በ2018 ወደ 2,000 ወረደ። በ2023 ወደ 1,000። በ2024 ደግሞ 500 ላይ አረፈ። በዓመት ሁለት በመቶ ዲቪደንድ የሚያስገኝ ፈንድ ላይ ጣሪያውን ለመንካት በ2016 ሩብ ሚሊዮን ፓውንድ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ 25,000 ይበቃል። ቱጃሮቹን ትተው ከእኛ ጋር መዋል የጀመሩት ለዚህ ነው። አብሮ መዋሉ ደስ ይላል፤ ሂሳቡን አንድ ቀን እንኳ እርስዎ ቢዘጉ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለን ነበር።

ሂሳቡ ይኸውልዎ። በዓመት 800 ፓውንድ ሆነው «መጡ» እንበል። ከ500 በላይ ያለው 300 ነው። መደበኛው የገቢ እርከን ላይ ያለ ሰው 8.75 በመቶ ሲከፍል ቆይቷል፤ 26 ፓውንድ ከ25 ሳንቲም ማለት ነው። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ምጣኔው 10.75 በመቶ ሆኗል፤ ያው 300 ፓውንድ 32 ፓውንድ ከ25 ያስከፍላል። ከፍ ያለው እርከን ላይ ያለው ደግሞ ከ33.75 ወደ 35.75 ተሻግሯል። አገር የሚያስለቅቅ ገንዘብ አይደለም። ግን ያላየሁት እንግዳ ነው ያስከፈለኝ፣ ያውም ከአምናው ጨምሮ።

ስለ ዘመዶችዎም ማንሳት አለብኝ። ከፈንዱ ሀብት ከ60 በመቶ በላዩ ቦንድና ወለድ የሚያስገኝ ነገር ከሆነ፣ እርስዎ ዲቪደንድ መሆንዎ ይቀርና ወለድ ይባላሉ። ምጣኔውም 20፣ 40 ወይም 45 በመቶ ይሆናል። ነፃው ጣሪያም ሌላ ነው። ይህን የልብስ ለውጥዎን በደግነት አልፈዋለሁ።

የማላልፈው አየርላንድና ሉክሰምበርግ የሚኖሩትን የአጎትዎን ልጅ ነው። ብዙ ሰው የሚገዛቸው ኢቲኤፍ የሚባሉት፣ እንደ ኩባንያ አክሲዮን በገበያ የሚሸጡና የሚገዙ ፈንዶች፣ በብዛት የተመዘገቡት እዚያ ነው። አጠራቃሚ ከሆኑ፣ ያልተከፋፈለው ገቢ እንግሊዝ ላለው ባለድርሻ እንደ ገቢ ይቆጠርበታል። የሚቆጠረው ግን ፈንዱ የሂሳብ ዓመቱን ከዘጋ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ፈንዱ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ሂሳቡን ዘጋ እንበል። እኔ ገንዘቡን «የተቀበልኩት» ጁን 30 ቀን 2025 ነው። ስለዚህ የሚገባው በሌላ የግብር ዓመት ውስጥ ነው፤ የእንግሊዝ የግብር ዓመት ኤፕሪል 5 ያልቃላ። በመሃል በፌብሩዋሪ ድርሻዬን ሸጬ ብወጣስ? የአጎትዎ ልጅ ምን ገዶት! የሂሳብ ዓመቱ ባለቀበት ቀን ድርሻው በእጄ ከነበረ፣ በጁን ይደርስብኛል። የሸጥኩትን ፈንድ ዲቪደንድ፣ ያልተቀበልኩትን፣ በማላውቀው ቀን።

ልኩን ለማወቅስ? ፈንዱን የገዛሁበት ድርጅት ዓመታዊ የግብር ማስረጃ ልኮልኛል። ወረቀቱ ያምራል፣ ሠንጠረዥ አለው፣ የአጎትዎ ልጅ ግን የለበትም። ስጠይቃቸው «የፈንዱን ሥራ አስኪያጅ ድረ ገጽ ይመልከቱ» አሉኝ፣ በሚያስቀና ትህትና። እዚያ ስሄድ መጨረሻ የሌለው የቁጥር ፋይል አለ። የፈንዱን መለያ ቁጥር ፈልጎ ማግኘት ነው። ከዚያ ለአንድ ድርሻ የተጻፈውን ገቢ፣ በሂሳብ መዝጊያው ቀን በነበረኝ የድርሻ ብዛት ማባዛት። በዶላር ከተጻፈ ወደ ፓውንድ መመንዘር። ይህን ሁሉ ጨርሼ ያገኘሁትን ቁጥር ለመስሪያ ቤቱ ማሳወቅ የኔ ግዴታ ነው። ክቡርነትዎ፣ ሰው የራሱን ዕዳ ፍለጋ እንዲህ ሲንከራተት ያዩት የት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ። እርስዎ ሲገቡ ድምፅ አልባ ነዎት ብያለሁ። ሲወጡ ደግሞ ይባስ ብለው ሁለት ጊዜ ሊያስከፍሉኝ ይሞክራሉ።

ፈንዱን በ10,000 ፓውንድ ገዛሁ እንበል። በዓመታት ውስጥ በድምሩ 1,500 ፓውንድ ሆነው ተጠራቀሙ። ለዚያ በየዓመቱ የዲቪደንድ ግብሩን ጨርሻለሁ። በመጨረሻ በ14,000 ሸጥኩ። ማንም ሰው ሲያየው ትርፉ 4,000 ነው። ድርጅቱ ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ ቀለም የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። ግን አይደለም። ያ 1,500 ግብሩ የተከፈለበትና መልሼ እንዳስገባሁት የሚቆጠር ገንዘብ ስለሆነ፣ መግዣ ዋጋዬ ላይ ይደመራል። መግዣው 11,500 ሆነ። ትርፉ 2,500 ብቻ ነው። ከሽያጭ ትርፍ በዓመት 3,000 ፓውንድ ነፃ ስለሆነ፣ ሌላ ሽያጭ ከሌለኝ የምከፍለው ዜሮ ነው።

ስክሪኑን ያመነ ሰውስ? ከ4,000 ላይ 3,000 ይቀንስና ለቀረው 1,000 በ18 በመቶ 180 ፓውንድ ያስረክባል። ከፍ ባለው እርከን ላይ ከሆነ በ24 በመቶ 240። አንድ ጊዜ በዲቪደንድ ስም፣ አንድ ጊዜ በሽያጭ ትርፍ ስም፣ ለአንዱ ገንዘብ። እና ማንም «ወዳጄ፣ ይህን እኮ ከፍለሃል» የሚለው የለም። መድኃኒቱ የያንዳንዱን ዓመት ወረቀት እስከ ሽያጩ ቀን ማስቀመጥ ነው። ለ20 ዓመት የተቀመጠ ፈንድ ከሆነ የ20 ዓመት ወረቀት ማለት ነው። ገንዘብዎን አላየሁም፣ ወረቀትዎ ግን መሳቢያዬን ሞልቶታል።

አንድ ነገር በእርስዎ በኩል ልናገርልዎት። በሁለት የክፍያ ቀኖች መካከል ከገዛሁ፣ በመጀመሪያው ዙር ከሚያመጡት ውስጥ ከፊሉ የራሴ ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ ስገዛ ዋጋው ውስጥ አብሮ የከፈልኩት የተጠራቀመ ገቢ ነዋ። ያንን ክፍል ግብር አይነካውም፣ መግዣ ዋጋው ላይም አይደመርም። የራሴን ገንዘብ ሲመልሱልኝ ግብር አለማስከፈልዎ ትልቅነት ነው።

አይሳ (ISA) በሚባለው ከግብር ነፃ የቁጠባና የኢንቨስትመንት አካውንት ውስጥ ከተቀመጡ ደግሞ ሌላ ሰው ነዎት አሉ። በዓመት እስከ 20,000 ፓውንድ በዚያ አካውንት ውስጥ የሚያስገባ ሰው ስለ እርስዎ ቅጽ አይሞላም፣ ስሌት አያሰላም፣ መሳቢያ አያጨናንቅም። የጡረታ አካውንት ውስጥም እንዲሁ ጨዋ ነዎት። ሙድ የሚይዙት ውጭ በቀረነው ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ግብርዎን ይቅር አላልኩም። ሲመጡ በሩን ያንኳኩ። አንድ መስመር መልእክት ይላኩ፤ «ዛሬ 43 ፓውንድ ሆኜ ገብቻለሁ፣ መግዣ ዋጋህ ላይ ደምረኝ» የምትል። ፈንዱን የሸጡልኝ ሰዎች ለማስታወቂያ በቀን የሚልኩልኝን አይተናል፣ ለዚህ አቅም አያጡም። እስከዚያው ግን ጃንዋሪ 31 የግብር ማሳወቂያ ቅጹ ማስገቢያ ስለሆነ፣ የአምናውን ልክዎን በቶሎ ቢያሳውቁኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ያልተቀበሉት ገቢ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለግብር መስሪያ ቤቱ (ከእኔ በፊት ስለሚያውቅ ለፋይል ያህል)
ፈንዱን ለገዛሁበት ድርጅት (ወደ ሌላ ድረ ገጽ እንዳይመራኝ ከአደራ ጋር)
አየርላንድ ለሚኖሩት የአጎትዎ ልጅ (ዛሬ ቢላክም እንደደረሳቸው የሚቆጠረው ከስድስት ወር በኋላ ነው)