ባለሜዳው እንግዳ

ኦክላንድ ስመጣ ራግቢ አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያረመኝ ቶንጋዊው ጎረቤቴ ነው። ዓለም የሚያውቃቸው የኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን፣ ኦል ብላክሶች፣ የሚጫወቱት 15 ለ15 ሆነው ነው፤ የእሱ ልብ ያለው ግን 13 ለ13 የሚጋጠሙበት ራግቢ ሊግ ላይ ነው። ክለቡ ዋሪየርስ ይባላል። መቀመጫው እዚሁ ኦክላንድ ሲሆን ከ1995 ጀምሮ የሚወዳደረው በአውስትራሊያ ሊግ ውስጥ ነው። ዋንጫ አንስቶ አያውቅም። ጎረቤቴ ግን ውድድሩ በተጀመረ ቁጥር “ዘንድሮ የኛ ነው” ይላል። የአዲስ አበባ ስታዲየም ልጅ ስለሆንኩ ሕመሙ ወዲያው ገባኝ።

ማርች 2020 ላይ፣ በኛ መጋቢት 2012 መሆኑ ነው፣ ለመጀመሪያው ጨዋታ አውስትራሊያ ውስጥ ወዳለችው ኒውካስል ሄደው 20 ለ0 ተሸነፉ። በዚያው ቀን የኒውዚላንድ መንግሥት ከውጭ የሚገባ ሁሉ 14 ቀን ራሱን ለይቶ እንዲቀመጥ አዘዘ። ቤታቸው ቢመለሱ ለሚቀጥለው ሳምንት አይደርሱም። ስለዚህ እዚያው ቀሩና ኦክላንድ ላይ ሊያስተናግዱት የነበረውን የካንቤራ ክለብ እዚያው አውስትራሊያ፣ ጎልድ ኮስት ላይ፣ ወና ስታዲየም ውስጥ “አስተናገዱ”። አሁንም ተሸነፉ። በሁለተኛው ቀን ሊጉ ተቋረጠ።

ድንበሩ ተዘጋ። ያኔ እኛ ሐበሾች ለቅሶ የምንደርሰው በቫይበር ነበር፤ ድንኳኑ አዲስ አበባ፣ እንባው ኦክላንድ። ሜይ 3 ግን ዋሪየርስ በልዩ ፈቃድ፣ በኪራይ አውሮፕላን፣ ታምዎርዝ ወደምትባል የአውስትራሊያ የገጠር ከተማ በረሩ። 14 ቀን ለብቻቸው ተቀምጠው እዚያው ተለማመዱ። ለእኛ ያልተከፈተውን በር ለእነሱ ያስከፈተው ምንድን ነው ብዬ ተብከንክኛለሁ፤ አልዋሽም። መልሱ ቴሌቪዥን ነው። ሊጉ ያኔ 16 ክለብ ነበረው፤ በየሳምንቱ ስምንት ጨዋታ ለጣቢያዎች ሸጦ ነበር። አንድ ክለብ ከጎደለ የተሸጠው ዕቃ ጎደለ ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የ2012ን ውድድር ሙሉ በሙሉ ሰረዘ። ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅ የለም፣ በአፍሪካ መድረክ የሚወክለን ክለብም የለም። ያኔ “ጎሽ፣ ከኳስ ነፍስ ይበልጣል” ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ውሳኔውን ያቀለለው ነገር ሌላም ነበር፤ ጨዋታውን ቀድሞ የገዛው ሰው አልነበረም። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። ኳሱ ሲቆም ኪሳቸው የተራቆተው ተጫዋቹና ስታዲየም በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴት ናቸው።

ዋሪየርስም ቢሆኑ አልደላቸውም። ሜይ 28 ሊጉ ሲቀጥል ከሲድኒ በስተሰሜን ባለችው ቴሪጋል ሆቴል ገቡ፤ ጎስፎርድ “ሜዳችሁ” ተባለላቸው። በመጀመሪያው ጨዋታ ሴንት ጆርጅን 18 ለ0 ሲረቱ የጎረቤቴ ጩኸት ግድግዳ አልፎ መጣ። ወንበር ላይ ከካርቶን የተቆረጡ ሰዎች ተደርድረዋል፤ በቴሌቪዥን የሚሰማው ጭብጨባ የተቀዳ ነው። ወር ሳይሞላ 40 ለ12 ተሸነፉና አሰልጣኙ ስቴፈን ኪርኒ በማግስቱ ተባረረ። በሰው አገር፣ ሆቴል ውስጥ። ተጫዋቾቹ ዴቪድ ፉሲቱአና ኬን ማውማሎ ቤተሰባቸው ዘንድ ተመለሱ። ሰው ሲጎድል ከፓራማታ፣ ከፔንሪዝና ከሲድኒ ሩስተርስ በውሰት አመጡ፤ ተቀናቃኞች ምጣድና ሞሰብ እንደሚዋዋሱ ጎረቤቶች ሆኑ። በስተመጨረሻ 10ኛ ወጡ። ጎረቤቴ ከዋንጫ ቆጥሮታል።

የእህቴ ልጅ አገር ቤት በአንዱ ክለብ ይጫወታል። የክለቡን ስም ልተወው፤ ያልተከፈለው ደሞዝ አለበት። ታኅሣሥ 2013 ላይ ሊጉ ሲመለስ ዲኤስቲቪን ይዞ ተመለሰ። ክለቦቹ በሙሉ አንድ ከተማ ይሰበሰባሉ፣ ሆቴል ይገባሉ፣ ጨርሰው ወደሚቀጥለው ይጓዛሉ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ጭራሽ አልነበሩም። ልጁ አንድ ቀን ደወለልኝ።

“ጋሼ፣ ዛሬ ባለሜዳ ነን።”

“የት?”

“ጅማ።”

ክለቡ የጅማ አይደለም። በጣም ሳቅን። ፋሲል ከነማም በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳው በዚያ ዓመት ነው፤ ጎንደር ላይ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ።

እዚህ 2021ም እንዲሁ አለፈ። ዋሪየርስ ሊመለሱ ነው ሲባል ድንበሩ እንደገና ይዘጋል፤ ጁላይ ላይ የሲድኒ ክለቦች ሳይቀሩ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ኩዊንስላንድ ተሰደዱ። የ2022ን ውድድር ደግሞ እዚያው አውስትራሊያ፣ ሬድክሊፍ ላይ ጀመሩት። የውሃ ላይ ኩበት ሆነው ከረሙ። ጁላይ 3 ቀን 2022 ግን ማውንት ስማርት፣ እዚህ ኦክላንድ፣ ተመለሱ። ስታዲየሙ ጢም ብሏል። ዌስትስ ታይገርስን 22 ለ2 አሸነፉ። ያ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ግዙፍ ጎረቤቴ አጠገቤ ቆሞ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ወደ ቤት ስንመለስ የደስታውን ብድር ልመልስ ብዬ የኛንም ነገርኩት። ከዚያ ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ ጁን 9፣ ዋሊያዎቹ ግብጽን 2 ለ0 አሸንፈዋል።

“አዲስ አበባ?”

“አይ፣ ሊሎንግዌ። ማላዊ።”

“ከሜዳችሁ ውጪ ግብጽን?”

“የለም፣ ባለሜዳዎቹ እኛ ነን።”

መኪናውን ጥግ አስያዘ። “ኮሮና ነው?” አለኝ። ኮሮና እንዳልሆነ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሞቻችን ደረጃውን አያሟሉም ማለቱን፣ የአገር ቤቱ ሊግም ወረርሽኙ ጋብ ካለ በኋላ ድንኳኑን እንዳልነቀለ፣ ዛሬም ከከተማ ከተማ እንደሚዞር አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ።

“እና መቼ ነው የምትመለሱት?” አለ። ክለቡን ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው የጠበቀ ሰው ነውና፣ ሞተሩን ሳያስነሳ ቀኑን እስክነግረው ጠበቀ።