የሴንቶሳ ባቡርና የጣና ጀልባ

አንድ ጸሐፊ የሲንጋፖርን የሴንቶሳ ደሴት ባለአንድ ሐዲድ ባቡር አድንቀው፣ ለጣና ደሴቶችም ተመሳሳይ ነገር ቢታሰብ መልካም እንደሆነ ጠቁመዋል። የባሕር ዳር ነዋሪ እንደመሆኔ አድናቆታቸውን እጋራለሁ፤ ሐሳቡን ግን ለመቀበል እቸገራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ የጀመረው ይህ ትንሽ ባቡር 2.1 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር ላይ አራት ጣቢያዎችን የሚያገናኝ ሲሆን፣ የኮንክሪቱን ሐዲድ በቅሎ እንደሚጋልብ ሰው ተፈናጥጦ፣ በጎን ጎማዎቹም ግራና ቀኝ አቅፎት ስለሚሄድ ጠባብ ቦታ ይበቃዋል። ባቡሩን ወደ ደሴቲቱ ማድረስ የተቻለውም እርሷን ከዋናው ምድር የሚለያት ጠባብ የባሕር ሰርጥ ብቻ በመሆኑ ነው። ከእኛ ከተማ እስከ ዘጌ ግን በሞተር ጀልባ እንኳ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ደቅ ደሴትማ ከዚያም ይርቃል።

ከሴንቶሳ ልንወስድ የሚገባን ሐዲዱን ሳይሆን ሥርዓቱን ይመስለኛል፤ ባቡሩ ሞላም አልሞላም በደቂቃዎች ልዩነት ይመጣል፣ የሚከፈለውም ወደ ደሴቲቱ ሲገባ እንጂ ሲወጣ አይደለም። እኛ ባለፈው እሑድ ጀልባው እስኪሞላ ድረስ ጠባቡ የእንጨት መቀመጫ ላይ ተደርድረን ስንጠብቅ፣ እንጨት የጫነች የደንገል ታንኳ በአጠገባችን አልፋ ከዓይናችን ተሰወረች፤ የእኛ ጀልባ ገመድ ገና አልተፈታም ነበር።