የደብረ ብርሃን ዘይት ለዋስትና አይሆንም ወይ?

ያገለገለ መኪና በተራዘመ ዋስትና የገዛችሁ ወይም ለመግዛት ቀብድ የከፈላችሁ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። ብሶቴ ረዘም ያለ ነው፤ ጉዳዩ ግን የእኔ ብቻ አይመስለኝም።

አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ያገለገሉ መኪኖች ሻጭ አውቶማቲክ መኪና ስገዛ፣ ከመኪናዋ ዋጋ በላይ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍዬ ለሞተርና ለካምቢዮ የ2 ዓመት ዋስትና ወሰድኩ። ሁለተኛው ዓመት እንደገባ ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር መዘግየትና መንገጫገጭ ጀመረ። ጥያቄዬን ሳቀርብ መልሱ የተሰጠኝ ካምቢዮው ሳይከፈትና አንድም ባለሙያ ሳያየው ነው፤ «የሞተር ዘይቱ በተፈቀደ ጋራዥ ስላልተቀየረ ዋስትናው ቀሪ ሆኗል» ተባልኩ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የተበላሸው ካምቢዮ ሲሆን የተወነጀለው የሞተር ዘይት ነው። ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፤ ዓይነቱም፣ የሚቀየርበት ጊዜም ከሞተሩ ዘይት የተለየ ነው። የሞተሩም ዘይት ቢሆን በጊዜው ተቀይሯል፤ የተቀየረው ግን ደብረ ብርሃን ነው፤ ጥፋት የተባለውም ይኸው ነው።

ውሉን አንብቤ ነው የፈረምኩት። ውሉ ስለ ሰርቪስ የሚናገረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲሆን፣ ደንበኛው በሰርቪስ ደብተሩ መሠረት መኪናውን እንዲያሠራ ያዛል። ደብተሩ ግን በፊርማው ዕለት አልነበረም፤ የደረሰኝ ክፍያው ተጠናቆ የስም ዝውውሩ ካለቀ በኋላ፣ ከሊብሬው ጋር በአንድ ፖስታ ታሽጎ ነው። ከመፈረሜ በፊት ደብረ ብርሃን ማሠራት እችል እንደሆነ የሽያጭ ሠራተኛውን ስጠይቀው፣ «ደረሰኝ ይያዙ እንጂ የትም ያሠሩ» ብሎኛል። ይህን ያለው በቃል ስለሆነ ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ጠፍቷል።

የተፈቀደ የተባለው ጋራዥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልሱ 260 ይሆናል። ደብተሩ ሰርቪስ የሚጠይቀው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየ6 ወሩ፣ ከሁለቱ በቀደመው ነው። ሸዋ ሮቢት የሚኖር ሰው ደርሶ መልሱ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆንበት፣ ከተፈቀደለት ጉዞ አንድ አሥረኛው የሚያልቀው ዘይት ለማስቀየር በሚደረግ መንገድ ላይ ነው። የመሐል ሜዳውን ሰው ሒሳብ ለራሱ እተውለታለሁ። የነዳጁን፣ የአልጋውንና ከሥራ የሚቀረውን ቀን ብንደምር ዋስትናው ራሱ ከሚያድነው ጥገና ሊበልጥ ምንም አይቀረው።

ይህም ሳያንስ ደብተሩ ሌላ አንቀጽ አለው፤ «በአስቸጋሪ ሁኔታ» የሚነዳ መኪና የሰርቪስ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል ይላል። አስቸጋሪ ሁኔታ የሚላቸውም አቧራማ መንገድ፣ ተደጋጋሚ ዳገትና ቁልቁለት፣ ከባድ ጭነት፣ በብርድ ጊዜ አጭር አጭር ርቀት መመላለስ ናቸው። ከቴክኒክ አንጻር ነገሩ ትክክል ስለሆነ አልከራከርም። አቧራ የአየር ፊልትሮውን ቶሎ ይደፍናል፤ በብርድ ጠዋት ትንሽ ርቀት ተነድቶ የሚቆም ሞተርም በቂ ሙቀት ላይ ስለማይደርስ ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበትና ነዳጅ ተኖ ሳይወጣ ይቀራል። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ከዚህ ዝርዝር ውጪ የሆነ መኪና በሰሜን ሸዋ የት ይገኛል? ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ መስታወት ላይ ግግር ሆኖ የሚጠብቀን እኛ ነን። ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማ በርን አልፎ ፍሬኑን ለማትረፍ በከባድ ማርሽ ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከአስፋልቱ ወጣ ካለ ደግሞ አቧራው ይቀበለዋል። በዚህ ስሌት የእኛ የሰርቪስ ጊዜ 5,000 ሳይሆን 2,500 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ሻጩ አድራሻዬን ከመታወቂያዬ ላይ ሲገለብጥ ይህን አንድ ቃል መንገር ይከብደው ነበር? ይህ አንቀጽ እስካሁን አልተጠቀሰብኝም፤ የመጀመሪያው ምክንያት ካልያዘ ግን ቀጥሎ እንደሚመዘዝ አልጠራጠርም።

መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ምን ይደረጋል ብዬም ጠይቄአለሁ። የዚህ አካባቢ ሰው መንገድ መዘጋት ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ውሉ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚል አንቀጽ አለው፤ ነገር ግን አንቀጹ ነፃ የሚያወጣው ድርጅቱን ብቻ ነው። መለዋወጫ ቢዘገይበት አይጠየቅም፤ እኔ መንገድ ተዘግቶብኝ ብዘገይ ግን ቀኑ መቁጠሩን አያቆምም።

የቀን አቆጣጠሩም የራሱ ጣጣ አለው። ውሉ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን የጋራዡ ደረሰኝ በእኛው ነው። 6 ወር ሲባል ጳጉሜን ትቆጠራለች ወይስ አትቆጠርም? በጳጉሜን 3 ሰርቪስ ያደረገ ሰው በጊዜው ነው ወይስ ዘግይቷል? ሦስት ሠራተኞችን ጠይቄ ሦስት መልስ አገኘሁ።

ስለ ደረሰኝ የሚለውን ያነበብኩት በንዴት ነው። ደረሰኙ የሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር፣ የኪሎ ሜትሩ ንባብ፣ የዘይቱ ዓይነትና ደረጃ፣ የፊልትሮው መለያ ቁጥር፣ የጋራዡ ማኅተምና ፊርማ እንዲኖሩት ይጠይቃል። በእኛ ከተሞች ያለውን አሠራር የምታውቁት ነው፤ ዘይቱንና ፊልትሮውን ባለመኪናው ከመለዋወጫ ሱቅ ገዝቶ ይወስዳል፣ ጋራዡ የሚያስከፍለው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። የሱቁ ደረሰኝ ዘይቱን እንጂ መኪናዋን አያውቅም፤ የጋራዡ ደረሰኝ መኪናዋን እንጂ ዘይቱን አያውቅም፤ ማሽኑ የሚያትመው ደግሞ «ሰርቪስ» የሚል አንድ ቃልና የብር መጠን ነው። ሁለቱን አያይዤ ባቀርብ «አልተሟላም» ተባለ። የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ ባትሪና አምፖል በዋስትናው አይሸፈኑም መባሉን ተቀብያለሁ፤ የሚያልቅ ነገር ያልቃል። የማልቀበለው ዘይቱ መቀየሩ ሳይካድ የወረቀቱ አጻጻፍ ዋስትናውን እንዲያጠፋው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ይህ ነው። ያቺ መኪና ወደ እጄ ስትገባ ከ90,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተነድታለች። ለእነዚያ ሁሉ ኪሎ ሜትሮች ሻጩ አንድ የሰርቪስ ደረሰኝ እንኳ ሊያሳየኝ አልቻለም፤ «መኪናዋ ራሷ ትናገራለች» ነበር ያለኝ። ከእኔ ሲሆን ግን መኪናዋ እንድትናገር ዕድል አልተሰጣትም፤ ካምቢዮው ተከፍቶ ቢታይ ኖሮ ጉዳቱ ከዘይት ይሁን ከዕድሜ ወይም ከቀድሞ አያያዝ ይታወቅ ነበር።

«ማን ግዛ አለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ፣ አገር ውስጥ ያለ ያገለገለ መኪና የአንድ ቤተሰብ የዘመናት ቁጠባ ሆኗል። ሰው ዋስትና የሚገዛው ካምቢዮ ቢሄድበት መልሶ መቆም ስለማይችል ነው፤ ሻጮቹም ይህን ፍርሃት አሳምረው ያውቁታል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ከፊርማ በኋላ በፖስታ የሚመጣ ደብተር በየትኛው መለኪያ በቂ መረጃ ሊባል እንደሚችል አይገባኝም። ሰርቪስ ይደረግ መባሉ ተገቢ ነው፤ ዘይት ሳይቀይር ሞተር አቃጥሎ ካሳ የሚጠይቅን ሰው ማንም አይደግፍም። ነገር ግን ሁኔታው ከክፍያ በፊት በአማርኛ በአንድ ገጽ ይሰጥ፤ ፈቃድ ያለው የዞናችን ጋራዥ ያደረገው ሰርቪስ ይታወቅ፤ ቀኑም ሆነ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ቢያልፍ የሚታለፍበት የተጻፈ ገደብ ይኑረው፤ ዋስትና የሚከለከለውም የጎደለው ሰርቪስ ብልሽቱን እንዳስከተለ ሲረጋገጥ ብቻ ይሁን። ይህ ካልሆነ ለዋስትናው የተቀበሉትን ገንዘብ ይመልሱ።

እኔ የከለከሉኝ በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ ጠቅሰው በጽሑፍ እንዲመልሱልኝ ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ እስካሁን የሚመልሱልኝ በስልክ ነው። በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲና፣ በመሐል ሜዳም ሆነ እዚሁ ደብረ ብርሃን ተመሳሳይ ውል የፈረማችሁ ካላችሁ፣ ስማችሁንና የሰሌዳ ቁጥራችሁን ሸፍናችሁ የሰርቪስ ደብተሩን ሁኔታዎች የያዘውን ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፤ አቤቱታውን በጋራ የምናቀርብ ከሆነ የሁላችንም ደብተር አንድ ዓይነት መሆኑን አስቀድሜ ማወቅ አለብኝ።