ሰውየው ቆዳ የለውም እንዴ?

ቅዳሜ ወደ ማታ ነው። ደሴ እንደ ልማዷ ጉሟን ተከናንባለች፤ የጦሳ ተራራ ከነጭራሹ አይታይም። ኮምቦልቻ የሚሠራ አንድ ወዳጃችን 55 ኢንች ቲቪ ገዝቶ «ኑና መርቁልኝ» ብሎ ጠርቶናል። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻው በሰፌድ ቀርቧል፣ ባለቤቱ ቡና እያፈላች ነው።

ከእንግዶቹ አንዱ ፒያሳ አካባቢ ፊልም የሚጭን ልጅ ነው። ፍላሽህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ያሻህን ሞልቶ ይሰጥሃል። ሌላው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ አሁን ልጃቸው ነው የሚሠራበት። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

ለምረቃው የተመረጠው የአርኖልድ ሽዋዚንገር «ፕሬዳተር» ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ፊልም ነው። የእኔ እኩዮች ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን፣ ከፊታችን ባለ ሰው ጭንቅላት አሻግረን፣ በደከመ ካሴት ያየነው። ታሪኩን በቃላችን ነው የምናውቀው። የፈለግነው በአዲሱ ቲቪ ምን እንደሚመስል ማየት ነበር።

ልጁ ሁለት ቅጂ ይዞ መጥቷል። «ሁለቱም ብሉሬይ ናቸው» አለ። «አንደኛው ግን ይቅርባችሁ፣ አሸዋ በአሸዋ ነው። ይሄኛውን ልክፈትላችሁ። ኳሊቲው አይጣል ነው!»

አልዋሸም። ይህ ፊልም ብሉሬይ በሚባለው ጥራት ያለው የፊልም ዲስክ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ፣ ልጁ አሸዋ ያለው የፊልሙ ነጠብጣብ እንዳለ ነበር። በ2010 እንደገና ሲወጣ ግን ነጠብጣቡን በኮምፒውተር ጠራርገው አነሱት። በዓለም ላይ ያሉ የፊልም ወዳጆች እስከ ዛሬ ይናደዱበታል።

የጠራው ተከፈተ። ቅጠሉ ለምለም አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ባለ ቲቪው ደረቱን ነፋ። «አያችሁ? ቲቪ ማለት ይሄ ነው!» እኛም አደነቅን። ጥርት ያለ ነገር ዓይን ይስባል፣ ምን ይደረግ።

ይሄኔ ሚስቱ ሲኒ እያቀረበች ቀና አለች። የባቲ ልጅ ናት፣ ሙቀት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ትንሽ አየችና፣ «ሰውየው ቆዳ የለውም እንዴ?» አለች።

ሁላችንም ዞር አልን።

«በዚያ ጫካ፣ በዚያ ወበቅ፣ ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ ፊቱ ላይ አንዲት መስመር የለችም። ሻማ እኮ ነው የሚመስለው። ወላሂ፣ ልብስ ቤት በር ላይ የሚያቆሙትን አሻንጉሊት!»

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አልቻልንም። ፊቱ በቀረበ ቁጥር ሻማው ነው የሚታየን። ክርክሩ የተነሳው እዚህ ላይ ነው።

ልጁ ተከላከለ። «እህቴ፣ ጥራት ማለት እኮ ይሄ ነው። ደንበኛ ነጠብጣብ ካየ ፍላሹን ይዞ ይመለሳል። ‹የተበላሸ ሰጠኸኝ› ይለኛል። ለአንዱ አስረዳሁ፣ ለሁለተኛው አስረዳሁ፣ ለስንቱ ላስረዳ?»

ባለ ቲቪውም ከእሱ ጋር ቆመ። «እኔ ይሄን ሁሉ ብር ያወጣሁት አሸዋ ለማየት አይደለም። ጉም ከፈለግኩ መስኮቱን እከፍታለሁ።»

ጋሼ እስከዚያ ዝም ብለው ነበር። ሲኒያቸውን አስቀመጡና ተነሱ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የባለ ቲቪው አባት ፎቶ ተሰቅሏል። ጥቁርና ነጭ ነው። ራሳቸው ጋሼ ናቸው ያነሷቸው፣ ፎቶውን አሳድገው ያተሙትም ራሳቸው ናቸው። ከግድግዳው አውርደው አምፖሉ ሥር ያዙት። «ቅረቡ» አሉን።

ቀረብን። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይታያሉ። ከሩቅ ሲታይ ጥላው ጥቁር ነው። ጠጋ ስትል ግን ጥቁር አይደለም፤ የተነሰነሰ ጤፍ ይመስላል። ጉንጫቸው ላይም አለ፣ ሪዛቸው ውስጥም አለ። የዓይናቸው ብርሃን ራሱ በዚያ ጤፍ መካከል የቀረ ክፍት ቦታ ነው።

«ፊልም ማለት ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ጀላቲን ነው» አሉ ጋሼ። «ጀላቲኑ ከከብት አጥንትና ቆዳ ነው የሚወጣው። ውስጡ የብር ጨው ተበትኗል፣ ደቃቅ ነው፣ በባዶ ዓይን አታየውም። ብርሃን ያገኛት ቅንጣት ደቨሎፐር የሚባለው ማጠቢያ ውስጥ ስትገባ ትጠቁራለች፣ ብር ትሆናለች። ብርሃን ያላገኛትን ፊክሰር የሚባለው ሌላው ማጠቢያ ያነሳታል። የቀረው ቅንጣት ነው ፎቶው። ከሥሩ ሌላ ፎቶ የለም። እና ልጄ፣ ይሄን ነጠብጣብ ላንሳልህ? አባትህ አብረው ይሄዳሉ።»

ባለ ቲቪው ምንም አልመለሰም። ፎቶውን ተቀብሎ ራሱ ሰቀለው።

ጋሼ አንዴ ከጀመሩ አያቆሙም፣ እኔም እንዲያቆሙ አልፈለግኩም። ብርሃን ለሞላበት ቀን 100 የሚባለውን ፊልም፣ ለጨለማ ደግሞ 400ውን ይጭኑ እንደነበር ነገሩን። የ400ው ቅንጣት ተለቅ ያለ ነው፣ ተለቅ ስላለም ብርሃን ቶሎ ይይዛል። ስለዚህ የጥምቀት ቀን ፎቶ ልም ብሎ ይወጣል፣ ያለ ፍላሽ መብራት የተነሳ የማታ ሰርግ ግን ሻካራ ይሆናል። ሲኒማም እንደዚያው ነው። ጫካ ውስጥ፣ ጥላ ሥር የተቀረጸ ፊልም ነጠብጣቡ ቢበዛ አይገርምም። በከለር ፊልም ብሩ መጨረሻ ላይ ይወጣል፤ ነገር ግን በነበረበት ቦታ የቀለም ጠብታ ትቶ ነው የሚሄደው።

ፎቶ ላይ የማይረብሸን ሲኒማ ላይ ለምን ይረብሸናል? ፎቶው ቆሞ ነው የሚታየው። ሲኒማ ግን በሰከንድ 24 ፎቶ ነው። እያንዳንዱ ፎቶ የራሱ ብጣሽ ፊልም አለው፣ ቅንጣቶቹም ሁለቴ አንድ ቦታ ላይ አያርፉም። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ያ መንተክተክ ነው ምስሉን ሕይወት የሚሰጠው። ቆሞ የነበረ ግድግዳ እንኳ ይተነፍሳል።

የሚያጸዳው ኮምፒውተር ይሄን አያውቅም። አንዱን ፍሬም ከጎረቤቱ ጋር ያስተያያል። ቦታውን የሚቀያይረው ደቃቅ ነገር ሁሉ ለእሱ ቆሻሻ ነው። ነጠብጣቡን ሲያነሳ የቆዳውን ቀዳዳ፣ ያልተላጨ ጺሙን፣ የሸሚዙን ድርና ማግ፣ የሩቁን ቅጠል አብሮ ያነሳል። ከዚያ ምስሉ ስለሚፈዝ ጠርዙን ይስሉታል፣ በሰውየው ትከሻ ዙሪያ ነጭ መስመር ይወጣል። የባቲዋ ልጅ ሻማ ያለችው ይሄን ነው። አንድም የቴክኒክ ቃል ሳታውቅ ከሁላችንም ቀድማ አየችው።

ልጁ ግን በቀላሉ የሚረታ አይደለም። እውነትም ይዟል። «ጋሼ፣ እሺ ይሁን። ግን እርስዎ የሚሉትን ፊልም ጨምቄ ወደ 1.5 ጂቢ ሳወርደው ጭቃ ይሆናል። ያኔ ነጠብጣብም የለ፣ ቆዳም የለ።»

ልክ ነው። ዋናው የብሉሬይ ዲስክ በአንድ ንብርብር 25 ጂቢ፣ በሁለት ንብርብር 50 ጂቢ ይይዛል። እኛ እጅ የሚገባው ብሉሬይ የተባለ ፋይል ግን ተጨምቆ ተጨምቆ ያለቀ ነው። ቪዲዮ የሚጨመቀው ከፍሬም ፍሬም የሚደጋገመውን አንዴ ብቻ በመጻፍ ነው። ነጠብጣብ ደግሞ አይደጋገምም። ቦታ ሲጠበው መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው፤ በእሱ ፈንታ ሳጥን ሳጥን የሚመስል ነገር ይመጣል። ብዙ ሰው ነጠብጣብን የሚጠላው ትክክለኛውን ነጠብጣብ አይቶ ስለማያውቅ ይመስለኛል። ያየው ያንን ጭቃ ነው። በጨለማ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ የሚርመሰመሰው ወይም በደከመ ካሴት ላይ የሚታየው በረዶም ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ቢያጸዱት አልከፋም።

«ኔትፍሊክስ ራሱ ነጠብጣቡን ያነሳዋል» አለ ልጁ፣ ሌላ ማስረጃ ፍለጋ።

ያነሳዋል። ግን ምን ያደርጋል? ኤቪ1 በሚባለው የቪዲዮ አጨማመቅ ነጠብጣቡን ለይቶ ያወጣና፣ ምን ያህል እንደነበረና ምን እንደሚመስል በአጭሩ ይጽፋል። ፊልሙ ቀለል ብሎ ወደ ቤትህ ይመጣል። ቲቪህ ደግሞ በተጻፈው መሠረት ተመሳሳይ ነጠብጣብ ሠርቶ ይመልስበታል። ዳታ ለመቆጠብ እየፈለጉ እንኳ መልሰው ያስገቡታል። ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ይለፉ ነበር? ይሄን ስናገር ልጁ ራሱን ነቀነቀ። መስማማት ይሁን መሰልቸት አላወቅኩም።

ጋሼ ሪሞቱን ጠየቁ። ቲቪው ሱቅ ውስጥ እንደነበረ «ቪቪድ» በሚባለው ደማቅ የምስል ምርጫ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ እንዲያ የሚያደርጉት በዚያ ሁሉ መብራት መካከል እንዲያበራ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ግን ዓይን ይወጋል። ጠርዝ የሚስለው ሻርፕነስ ጫፍ ደርሷል። ነጠብጣብ ማጥፊያውም በርቷል። ማለትም ዲስኩ ላይ አንዴ የተላጨውን ሰውዬ ቲቪው ደግሞ ይላጨዋል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ «ፊልምሜከር ሞድ» የሚባል ምርጫ መጥቷል፤ ያለበት ቲቪ ይሄን ሁሉ ጣልቃ ገብነት በአንድ ቁልፍ ያጠፋዋል። የወዳጃችን ቲቪ ላይ አላገኘነውም። አንድ በአንድ እየገባን አጠፋን። ከዚያ «አሸዋ በአሸዋ» የተባለው ቅጂ ተከፈተ።

መጀመሪያ ላይ ጨለም ብሎ ታየን። ዓይናችን ሲለምድ ግን ጫካው መጣ። ቅጠል ከቅጠል ተለየ። ሰውየው ፊቱን ሲያዞር አገጩ ሥር ጺሙ ታየ፣ ላቡ ቆዳው ላይ እንጂ ሻማ ላይ አልወረደም። ሚስትየው ጀበናዋን እንደያዘች፣ «አሁን ሰው ሆነ» አለች።

ባለ ቲቪው ግን እስከ መጨረሻው፣ «እኔ ያኛው ይሻለኛል» እንዳለ ነው። ቲቪውም የእሱ ነው። ማታ ስንወጣ ሁሉንም ወደ ነበረበት ሳይመልሰው አይቀርም።

እኔ ግን ከጋሼ ጋር ነኝ። ከእሳቸው ጋር ያቆመኝ ፕሬዳተር ብቻ አይደለም።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። «ያልታወቀው ረሃብ» ነበር ርዕሱ። እኛም አገር መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። በዚያ ዘመን የውጭ አገር ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ይዘው የሚዞሩት 16 ሚሊሜትር ፊልም ነበር። ፍሬሙ ከ35 ሚሊሜትሩ ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ተስቦ ሲሰፋ ነጠብጣቡም አብሮ ይሰፋል። ኃይሌ ገሪማም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በዚሁ በ16 ሚሊሜትር፣ በጥቁርና ነጭ ነው የቀረጸው። ፊልሙ ኢጣሊያ ቦሎኛ ውስጥ ታድሷል። ማደስ እንዲህ ነው፤ አቧራው ይጠረጋል፣ ጭረቱ ይደፈናል፣ የተቀደደው ይቀጠላል። ጋሼም ያን ማታ «ቧጨራውን አጥፉ፣ ቆዳውን አትንኩ» ያሉት ይሄንኑ ነው።

አሁን ግን «በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጸድቶ ፎርኬ ሆነ» የተባለ የድሮ የአገራችን ምስል ስልኬ ላይ ይመጣል። ከፍቼ አያለሁ። ያልነበረ ቅንድብ ተስሏል፣ ያልነበረ ጥርስ ገብቷል። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ፊት አለው። አንድ ቀን የ66ቱንም እንዲሁ እንዳያደርጉት እፈራለሁ።

ፊልም ለሚጭነው ልጅ ያልኩት ይሄን ነው፦ ሁለቱንም ቅጂ አስቀምጥ፣ የትኛው የታጠበ እንደሆነ በስሙ ላይ ጻፍበት፣ ለሚፈልግ ሰው ትልቁን ፋይል አትንፈገው። እሺ ብሎኛል። ለወሎው ፊልም ግን ድርድር የለኝም። እዚያ መጠለያ ውስጥ የተቀመጡት እናቶች የእኛው ሰፈር ሰዎች ናቸው፣ አንዳንዶቻቸው ከዚያ ሌላ ፎቶ አልተነሱም። የቀረልን ፊታቸው በዚያ የብር ጤፍ የተጻፈው ነው፤ ከእሱ ላይ አንዲት ቅንጣት እንኳ ማንም እንዲያነሳብኝ አልፈልግም።